የአንድ ሰው ጉድጓድ

ወርቅአየሁ ደጅ ሆና ሁለት ጊዜ ስትስል ልጇ ትዕግስት መወርወሪያውን ድሩ ላይ አስቀመጠች፤ እግሮቿን ከመርገጫው አላቀቀች፤ የሽመናውን ጉድጓድ ጠርዝ በሁለት እጇ ተደግፋ ወጣች። አባቷ ውዱ ከመደቡ ተነሣ፤ ግድግዳውን በቀኝ እጁ እየዳበሰ መጣና እሷ ያሞቀችው ቦታ ላይ ገብቶ ተቀመጠ። ጫማውን ያወለቀው ገና ሲነጋ ነው፤ እንዲህ ላለው ጊዜ እንዲቀልለው ሁልጊዜ አስቀድሞ ያወልቃል። ትዕግስት ቀሚሷ ላይ የተጣበቀውን የክር ብናኝ አራገፈች፤ ጥግ ካለው ዘንቢል ተሸምኖ ያለቀ ሻርፕ አወጣችና ዱካ ላይ ተቀምጣ ዘርፉን መቋጨት ጀመረች። ይህ ሁሉ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጥቶ የመጨረስን ያህል ጊዜ እንኳ አልፈጀም። በሩ ሲከፈት ብቅ ያለችው ወንፊት ልትዋስ የመጣች ጎረቤታቸው በቀለች ነበረች።

«እንዴት አደሩ አያ ውዱ? በዚህ ውርጭ እንኳ ከዚያች ጉድጓድ አይጠፉም እኮ!»

«ምን ይደረግ» አለ ውዱ፤ መወርወሪያውን እንደያዘ፣ ሳይወረውር።

በቀለች ወንፊቱን ብብቷ ሥር አድርጋ፣ ትዕግስትን «ዘርፉስ እንዴት ያምራል፣ እጅሽ ይባረክ» ብላ ሄደች። ኮቴዋ ከግቢው ሲርቅ አባት ወጣ፣ ልጅ ገባች። ወርቅአየሁ ደጅ ወደ ጀመረችው እንዝርቷ ተመለሰች።

እንዲህ መሆን ከጀመረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ቆሰበር ከተማ ውስጥ ሴት ትፈትላለች፣ ታዳውራለች፣ ዘርፍ ትቋጫለች፤ ወለል ላይ ከተቆፈረው ጉድጓድ እግሩን ሰዶ መርገጫ የሚረግጠው ወንድ ነው። ይህን የጻፈው የለም፤ የሚጠይቀውም የለም። የውዱን ግራ ዓይን ሞራ ሲጋርደው ዝም አለ፤ ቀኙ ሲከተልም ዝም አለ። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ትዕግስት አባቷ ዘሎት ያለፈውን ክር ልታቃና ጉድጓድ ገባች፤ ከዚያ ወዲህ የምትወጣው ሰው ሲመጣ ብቻ ነው። ገበያተኛው የውዱ ኩታ ይላል፤ የአዲስ አበባዋ ነጋዴ ናርዶስም የውዱ ሻርፕ እያለች በየወሩ ሰው ልካ ሃያ ሃያ ታስወስዳለች፤ ለአንዱ ሰባ ብር ትከፍላለች።

ሻርፑ የጥጥ አይደለም። ናርዶስ ከውጭ አገር የሚያስመጣ ሰው አግኝታ በካርቶን የምትልከው ከተልባ አገዳ የተፈተለ ክር ነው፤ እሷ ሊነን ትለዋለች። የመጀመሪያውን ካርቶን ያመጣው ሰው፣ ናርዶስ ሳታውቅ፣ የሰጠው ሁለት ቤት ዝቅ ብሎ ለሚኖረው ሸማኔ ለደርበው ነበር። ደርበው ሁለት ቀን ሞክሮ «ተልባን ጠጥተን ስንጨርስ ደግሞ ልበሱት ተባልን፤ ይኼ ክር አይደለም፣ ገና ስታየው የሚቆጣ አማት ነው» ብሎ ካርቶኑን ለውዱ ቤት አስረከበ። እውነቱን ነው፤ ክሩ ይበጠሳል። የሚበጠሰው ግን ሲደርቅ ነው፤ ይህን ትዕግስት ማንም ሳይነግራት ደረሰችበት። ክር የተጠመጠመባቸውን ቀሰሞች ውሃ ውስጥ ታሳድራለች፤ ከድሩ በታች እርጥብ ጨርቅ ትዘረጋለች፤ የቆሰበር ጉም ሲወርድ ግጥም አድርገው የሚዘጉትን መስኮት እሷ ትከፍተዋለች። ቤቱ ይቀዘቅዛል፤ እናቷ ጋቢ ደርባ ትቀመጣለች፤ አባቷ ጉልበቱን ያሻል። መስኮቱ ለምን እንደሚከፈት ግን አንድም ቀን አልጠየቋትም። ይህን መጠየቅ ማን እየሸመነ እንደሆነ መናገር ነዋ።

ታላቅ ወንድሟ ባምላክ ወረዳ ቢሮ ይሠራል፤ እጮኛው ዳንግላ ናት፤ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። የዚያን ቀን ማታ ናርዶስ የደወለችው ለእሱ ነበር፤ ኔትዎርኩ ሦስት ጊዜ ተቆርጦ ነው የጨረሱት። ባሕር ዳር ላይ የሽመና ቤት ከፍታለች። የሊነኑን ሥራ የሚያስተምር አንድ ሸማኔ ትፈልጋለች፤ ደሞዙ አራት ሺህ አምስት መቶ፣ የሚኖርበት ክፍልም አለ፤ የሚማሩት አሥራ አምስት ሴት ልጆች ናቸው። ነገ አራት ሰዓት ላይ እመጣለሁ፣ አባትህ ሲሠሩ በዓይኔ ልያቸው ብላለች። ባምላክ ይህን ለቤተሰቡ ሲያወራ ከአፉ የወጣውን ቃል ራሱ የሰማው አይመስልም ነበር። ትዕግስት ግን ሰምታዋለች። ሌሊቱን ሙሉ ስታስብ የነበረው ደሞዙን አይደለም፤ አሥራ አምስት ሴቶች በቀን ብርሃን፣ በር ተከፍቶ፣ ማንም ሳይስልላቸው ጉድጓድ ሲገቡ ነው።

«እኔ ነኝ እላታለሁ» አለች በማግስቱ ቁርስ ላይ።

«ለማን?» አለ ባምላክ።

«ለናርዶስ። የምትፈልገው ሸማኔ እኔ ነኛ።»

ባምላክ የያዘውን ዳቦ ሻይ ውስጥ እንደነከረ ቆየ። «የዳንግላ ሰዎች አባቱ ሸማኔ ነው የሚለውን ለመዋጥ ስምንት ወር ፈጀባቸው። አሁን ደግሞ እህቱም ጉድጓድ ትገባለች ልበላቸው?»

«ደሞዝ ያለው ጉድጓድ ነው።»

«አባየ ይሄዳል፤ አንቺ እየረዳሽው ትሄጃለሽ። እዚህ እንደምታደርጉት እዚያም ታደርጋላችሁ። ምን ጎደለሽ? ሠርጌ ይለፍ እንጂ፣ ከፈለግሽ አስፋልቱ መሐል ቆፍረሽ ግቢ!»

ትዕግስት ወደ አባቷ ዞረች። ውዱ ሻዩን ይጠጣል። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ከግድግዳው ላይ የ2008ን የቀን መቁጠሪያ እንደሚያነብ ሰው ፊቱን ወደዚያ አድርጓል፤ የቀን መቁጠሪያው ግን ባለፈው ሳምንት ወርዶ ሚስማሩ ብቻ ነው የቀረው። እናቷ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወጣች።

ሦስት ሰዓት ላይ ባምላክ በባጃጅ ከአዲስ ቅዳም ከተማ የመጣ አንድ ማዳበሪያ ከሰል ጭኖ መጣ፤ በመቶ ሃያ ብር ገዝቶታል። የቤቱን ትልቅ ማንደጃ ሞልቶ ደጅ አቀጣጠለና ፍሙ ሲቀላ ተሸክሞ አስገባው። ያስቀመጠው እንግዳዋ ከምትቀመጥበት ወንበርና ከሽመናው ዕቃ መካከል ነው። ከዚያ መስኮቱን ዘጋ፤ የመስኮቱን ስንጥቅ ሳይቀር በጨርቅ ወተፈ።

«ፍሙ ይውጣ» አለች ትዕግስት። «ክሩ ይደርቃል።»

«የአዲስ አበባ ሰው በረዶ ቤት ውስጥ ላስቀምጥ? እናንተስ ለምዳችሁታል።»

«ባምላክ፣ ሊነን ነው። ይበጠሳል።»

«ክረምት ክረምት የጥጡን ድር እሳት ዳር ስናደርቅ አይደል እንዴ ያደግነው? ክር መቼ ነው ሙቀት የፈራው?»

«አባየ» አለች።

ውዱ ከመደቡ ተነሥቶ መጣ። እጁን ዘረጋና ድሩ ላይ አሳረፈ። አርባ ዓመት ክር የዳሰሰ እጅ ነው፤ ጣቶቹን በክሮቹ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ አንድ ጊዜ ሲያሳልፍ ትዕግስት ፊቱን አየችው። ገብቶታል። ቀስ ብሎ እጁን ሰበሰበ። «ለእንግዳ ነው» አለ። «ይሁን።» በባዶ እግሩ ጉድጓድ ገባ።

ናርዶስ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰች። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ጂንስ ለብሳ፣ ወፍራም ካፖርት ደርባለች፤ ሾፌሯ ፒክ አፑን በር ላይ አቁሞ እዚያው ቀረ። ሰላምታዋ ጥሩ ነው፤ ወርቅአየሁን ሁለት ጊዜ ሳመች፤ ለውዱ ጎንበስ ብላ እጇን ስትሰጠው እጁ አቅጣጫ ስቶ አየሩ ላይ ቆመ፤ እሷ ራሷ ፈልጋ ጨበጠችው። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች ካፖርቷን አወለቀች። «ውይ፣ ሲሞቅ ደስ ሲል!» አለች። ባምላክ ወደ ትዕግስት አየና ቅንድቡን አነሣ። ትዕግስት ዱካዋ ላይ ተቀምጣ ስምንት ክር ቆጥራ ለሁለት ትከፍላለች፤ ሁለቱንም ወደ አንድ ወገን ታከርራለች፤ ስትለቃቸው እርስ በርሳቸው ይጠመጠማሉ፤ ጫፉን ትቋጥራለች። ለአንድ ሻርፕ መቶ ሃያ ዘርፍ ነው። ከዚያ ለብ ባለ ውሃ ይነከራል፤ ሳይጨመቅ ጥላ ላይ ይሰጣል፤ እርጥበቱ ሳያልቅ በጠርሙስ እየተዳመጠ ይለሰልሳል። ናርዶስ ያለቀውን አንሥታ ጉንጯ ላይ አደረገችው።

«ዘርፉን የምትሠሪው አንቺ ነሽ?»

«ነኝ።»

«በጣም ንጹሕ ነው። እንዲህ ያለ የትም አላገኘሁም።» ከዚያ ወደ ውዱ ዞረች። «እሺ አባባ፣ እስኪ አንድ ስንዝር ብቻ ሲሠሩ ልይ። እኔ ሳልኖር እንደሚሠሩት አድርገው ነው።»

ውዱ መርገጫውን ረገጠ፤ መወርወሪያውን ሰደደ፤ መታ። ያ ድምፅ ትዕግስት ከመወለዷ በፊት ጀምሮ የቤቱ ድምፅ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሰባት ስምንት ውርወራዎች ጥሩ ነበሩ፤ የዓይን ሥራ አይደሉማ። ስምንተኛው ላይ ይሁን ዘጠነኛው ላይ የደረቀ ጭራሮ እንደሚሰበር ያለ ትንሽ ድምፅ ተሰማ። ከትዕግስትና ከአባቷ ሌላ የሰማው የለም። ውዱ እጁን ሰደደ፤ የተበጠሰውን ጫፍ ፈለገ፤ ሌላ ክር አገኘ፤ ያንን ለቀቀ፤ እንደገና ፈለገ። ጫፉን በምራቁ አርሶ እንደ ጥጥ አሻሸው። ጥጥ እንዲህ ሲያደርጉት ይያያዛል፤ ይኼ አይያያዝም። ትቶት ቀጠለ። አሁን ሲመታ እንደ ጋቢ ሁለት ሁለቴ ነው፤ ሊነኑ አንድ ጊዜ፣ ያውም በስሱ ነው የሚመታው። ሁለተኛው ተበጠሰ። ሦስተኛው። ፍሙ በናርዶስ ጉልበትና በድሩ መካከል ቀልቶ ይንቀለቀላል። ትዕግስት ዘርፏን ትቋጫለች፣ ትቆጥራለች። አራት፣ አምስት። የአባቷ ግንባር አላበው፤ ላቡም ከሙቀቱ ብቻ አልነበረም። ስምንተኛው ሲበጠስ መወርወሪያው በተፈታው ክር መሐል ተሰነቀረና ቆመ። ውዱ ሁለት እጁን ድሩ ላይ ዘረጋ።

ናርዶስ ተነሣች። በአንድ እጇ የተጠናቀቀውን ሻርፕ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ ዕቃው ላይ ያለውን አየች፤ ከዚያ የውዱን ዓይኖች አየች። ስትናገር ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም።

«አባባ፣ ይህን የሠሩት እርስዎ አይደሉም።»

ከሰሉ አንድ ጊዜ ተንጣጣ። ወርቅአየሁ በር ላይ ቆማ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ትዕግስት የያዘችውን ክር ለቀቀች፤ የከረረው ተፈትቶ ተበተነ።

«እውነትዎን ነው» አለ ባምላክ ቀድሟት። «ልንደብቅዎ ፈልገን ሳይሆን… የአባታችን ዓይን ሲደክም ሥራውን ለጎረቤታችን ሰጥተን ነበር። ደርበው ይባላል። ሁለት ቤት ዝቅ ብሎ ነው። እሱ ነው የሠራው።»

«ውሸት ነው» አለች ትዕግስት፤ ቆመች። «እኔ ነኝ የሸመንኩት። ሁሉንም። ከመጀመሪያው ካርቶን ጀምሮ።»

ናርዶስ ባምላክን አየች፤ ትዕግስትን አየች። «አንቺ?»

«አሁን ልግባና ላሳይዎት። ፍሙ ይውጣና መስኮቱ ይከፈት፤ ድሩን በውሃ አርሼ…» ወደ ጉድጓዱ ጠርዝ ሄደች። «አባየ።»

ውዱ አልወጣም። ለሁለት ዓመት፣ በቀን ሁለቴም ሦስቴም፣ የመጣው ሰው እግሩ ከግቢ ሲወጣ እየተጣደፈ የሚወጣው ሰው አሁን ጉልበቱን ግጥም አድርጎ፣ ክንዶቹን በድሩ ላይ አሳርፎ ተቀምጧል። ትዕግስት በላዩ ቆማለች። የአባቷ አናት፣ የሳሳው ሽበት፣ ከጆሮው ጀርባ ያለው ጠባሳ ይታያታል። ከአንድ ሰው በላይ በማይዝ ጉድጓድ ውስጥ አባት ተቀምጦ፣ በእንግዳ ፊት፣ ምን ተደርጎ ይወጣል? በብብቱ ገብተው አይጎትቱት ነገር!

«ልጄ ዘርፍ ነው የምትቋጨው» አለ ውዱ። ማንንም አላየም፤ ቢዞርም አያይም። «በዘርፉ እጇ ጎበዝ ነው።»

ውጭ ሾፌሩ ጡሩምባ አሰማ። ናርዶስ ካፖርቷን ለበሰች፤ ሰዓቷን አየች። ፊቷ ላይ የነበረው ደሞዝ ያጣላው ቤተሰብ ያየ ሰው ቻይነት ነበር። «እኔ በቤተሰብ ነገር አልገባም» አለች በቀስታ፤ ከዚያም ለባምላክ፣ «ደርበው ያልከኝ የት ነው? ዳንግላ የምሳ ቀጠሮ አለኝ።» ባምላክ እየቀደመ በሩን ከፈተላት። ስታልፍ የትዕግስትን ትከሻ ነካ አደረገች። «ዘርፉን አታቋርጪ እሺ? ከባሕር ዳር የሚመጣውን ለአንቺ እልክልሻለሁ። ለአንዱ አሥራ ሁለት ብር።»

ትዕግስት ማንደጃውን በጨርቅ ይዛ አወጣችና ጓሮ ደፋችው፤ ውሃ ቸለሰችበት፤ ገና ያልተነካ የሃያ ብር ከሰል ሳይሆን አይቀርም። መስኮቱን ከፈተች፤ ስንጥቁ ላይ የተወተፈውን ጨርቅ አወጣች። ውዱ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ወርቅአየሁ ምሳውን እዚያው ድረስ ወስዳ ሰጠችው፤ ሰሃኑን የሚያሳርፍበት ስላልነበረ ጭኑ ላይ አድርጎ በላ። ባምላክ አልተመለሰም፤ ወደ ቢሮው በዚያው ሄዷል። ወርቅአየሁ ለባሏ በአዊኛ የሆነ ነገር አለችው፤ ባጭሩ መለሰላት፤ ሁለቱም ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉት ልጃቸው አዊኛ የማትሰማ ይመስል ነበር። የተባለው ስለ ዳንግላ ሰዎች ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውዱን ሽንት ያዘው። ከጉድጓዱ ወጥቶ ግድግዳውን እየዳበሰ ወደ ጓሮ ሲሄድ ትዕግስት ገባች።

ስምንቱን ክር አንድ በአንድ ጫፋቸውን አገናኘች፤ በውሃ አርሳ፣ የሊነን ቋጠሮ ቋጠረች፤ ይህም ከጥጡ ቋጠሮ የተለየ፣ ራሷ ያወጣችው ነው። አባቷ የሠራውን ስንዝር የማይሞላ ነገር ልትፈታው ትችል ነበር፤ ጊዜም ነበራት። አልፈታችውም። እንዳለ ትታው ከላዩ ቀጠለች፤ ጥቅጥቅ ያለው ወፍራሙ ሥራ የት እንደሚያልቅ፣ ስሱ ከየት እንደሚጀምር በእጅ የነካው ሁሉ ያውቀዋል። ውዱ ተመልሶ መጥቶ ከበር አጠገብ ቆመ፤ የመርገጫውን ድምፅ ሰማ፤ ወደ መደቡ ሄዶ ተቀመጠ። ጉሙ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ከባሕር ዛፉ በላይ ወርዶ በመስኮቱ ገባ። ክሩ ለዘብ አለ። ለአንድ ሰዓት ያህል ምንም አልተበጠሰም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወርቅአየሁ ደጅ ሆና ሁለት ጊዜ ሳለች።

ትዕግስት መወርወሪያውን ወረወረች። ወርቅአየሁ እንደገና፣ አሁን ጠንከር አድርጋ ሳለች። ውዱ ከመደቡ ተነሥቶ፣ ግድግዳውን በቀኝ እጁ እየዳበሰ፣ በባዶ እግሩ እስከ ጉድጓዱ ጠርዝ መጣ። በተለመደው ቦታ ቆሞ የተለመደውን ጠበቀ። የመጣው ሰው በር ላይ ጫማውን ጠረገ።

ደርበው ነበር፤ አርባ ዓመት የሞላው፣ ሳቁ የሚቀድመው ሰው ነው። ከበሩ ገባ እንዳለ ቆመና የሚያየውን አየ፤ ጉድጓድ ውስጥ ያለችውን ልጅ፣ እጇ ውስጥ ያለውን መወርወሪያ፣ የሚረዝመውን ሻርፕ። ከዚያ ሳቀ።

«ምነው ትዕግስት፣ የአባትሽን ዕቃ መጫወቻ አደረግሽው እንዴ? አያ ውዱ፣ ይቺን ልጅ ቶሎ ይዳሩልን እንጂ!» ወደ ውዱ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ባምላክ ምን ጉድ ውስጥ ነው የከተተኝ? ሴትዮዋ መጥታ ጋቢ ስሠራ አየችኝና እጅህ ጥሩ ነው፣ ሰኞ ባሕር ዳር ና አለችኝ። አራት ሺህ አምስት መቶ ብር! እንቢ ይባላል? እኔ ግን ያንን ክር የነካሁት ሁለት ቀን ነው፤ እርስዎ ያውቃሉ። እስኪ እንዴት እንደሚያባብሉት ያሳዩኝ። ዛሬና ነገ ካሳዩኝ ይበቃኛል።»

«የሚያሳይዎት እኔ ነበርኩ» አለች ትዕግስት፣ እጇ ሳያቋርጥ። «አላሳይም።»

«ኧረ ተይ፣ አሁን ቀልድ ይቆየን» አለ ደርበው እየሳቀ፤ ዓይኑን ከውዱ አላነሣም።

መርገጫው ይረገጣል፤ መወርወሪያው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ያልፋል፤ አንድ ጊዜ፣ በስሱ፣ ይመታል። ይህ ከውዱ እጅ ወጥቶ የማያውቅ ምት ነው፤ ደርበውም ሸማኔ ነው፣ ጆሮ አለው። ሳቁ ቀስ እያለ ከፊቱ ጠፋ።

«ጫማህን አውልቅ» አለው ውዱ በመጨረሻ። ከዚያ ወደ ታች፣ ድምፁ ወደሚመጣበት፣ «ትዕግስት፣ ውጪለት» አለ።

ደርበው አንድ ጫማውን አውልቆ በእጁ ያዘ። ሌላውን ሊያወልቅ ጎንበስ አለና ተወው። ሁለቱ ወንዶች ጎን ለጎን በጠርዙ ላይ ቆመው እስክትወጣ ጠበቁ። ወርቅአየሁ በር ላይ ሆና ማሳሉን ትታለች። ጉድጓዱ የሚይዘው አንድ ሰው ነው። ትዕግስት ከውሃው ሰሃን አዲስ ቀሰም አወጣች፤ መወርወሪያው ውስጥ አስገባች፤ ወረወረች።